በሲ ቋንቋ ፊደል በፊደል የሚያነብ ፕሮግራሜ የአማርኛ ፋይል ለምን ይቆርጥብኛል?

ጸሐፊዋ ከአራት ኪሎ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የሲ ቋንቋን በራሴ እያጠናሁ ነው። ደንበኞቻችን በፍላሽ የሚያመጡልን ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ጉድለት አለበት። አራት ነጥብ (።) መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ (፡፡) ይገኛል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ይሁን እንጂ ጽሑፉ ውስጥ አራት ነጥብ ብሎ ለሚፈልግ ሰው አንድም አይገኝለትም፣ በአንዳንድ ፎንትም ክፍተቱ ተበላሽቶ ይታያል።

ይህንን በእጅ ማረም ስላደከመኝ አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፍሁ። ፕሮግራሙ አንዱን ፋይል ለንባብ፣ ሌላውን ለጽሕፈት ይከፍታል፤ ከዚያም በ«ኤፍጌትሲ» አንድ አንድ ፊደል እያነበበ፣ ሁለት ነጥብ ተከታትሎ ሲያገኝ በአራት ነጥብ ይተካል፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ በ«ኤፍፑትሲ» ይጽፋል። ያነበብሁትን የማኖርበት ተለዋዋጭ ዓይነቱ «ቻር» ነው፤ ማነጻጸሪያውንም ሁለት ነጥብን በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አስገብቼ ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ሉፑ (ንባቡን የሚደጋግመው የኮዱ ክፍል) የፋይሉን ማለቅ የሚነግረው «ኤፍኢኦኤፍ» እውነት እስኪሆን ድረስ እንዲያነብ አድርጌ ነበር፤ ውጤቱ ደህና ሆኖ ሳለ በፋይሉ መጨረሻ ላይ ብቻ አንድ እንግዳ ምልክት ተጨመረበት። ስለዚህ ሉፑን ለውጬ፣ ያነበብሁት የፋይል መጨረሻ ምልክት ከሆነው ከ«ኢኦኤፍ» ጋር እኩል ሲሆን እንዲያቆም አደረግሁ፤ እንግዳው ምልክትም ጠፋ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ግን ሌላ ነገር መጣ። አንድ ደንበኛ ያመጣው፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ በፕሮግራሙ ሲያልፍ 0 ባይት የሆነ ባዶ ፋይል ወጣ። ያንኑ ኮድ በአንድሮይድ ስልኬ ላይ ኮምፓይል አድርጌ ስሞክረው ደግሞ ጨርሶ አያቆምም፤ ባስቆምሁት ጊዜ የውጤቱ ፋይል ከ300 ሜጋባይት በላይ ሆኖ ነበር። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ፣ ፕሮግራሙን የጻፍሁለት ዋና ጉዳይ፣ ማለትም ሁለት ነጥቡን መተካቱ፣ በየትኛውም ፋይል ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አለመሥራቱ ነው።

በዚህ መካከል ተሳስቼ ለሚነበበውም ለሚጻፈውም አንድ ስም ሰጥቼ የደንበኛውን ጽሑፍ ባዶ አድርጌዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቅጂው በፍላሹ ላይ ነበር። ቤት ያለው ላፕቶፕ ኡቡንቱ፣ ሥራ ቦታ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ዊንዶውስ መሆኑን ልጨምር። የምታውቁ ሰዎች ብትረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ባይት ቆጣሪ

ጤና ይስጥልኝ እኅቴ። የዘረዘሯቸው ችግሮች የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ «ኤፍጌትሲ» የሚመልሰው ፊደል አይደለም። የሚመልሰው አንድ ባይት ሲሆን፣ ዋጋውም ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱ ነው። ፋይሉ ሲያልቅ ወይም ንባቡ ሲሰናከል ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ ቁጥር፣ «ኢኦኤፍ»ን፣ ይመልሳል፤ ይህም አሉታዊ ሲሆን በተለመዱት ኮምፓይለሮች ሁሉ -1 ነው። እንግዲህ ሊመጡ የሚችሉት ዋጋዎች 257 ናቸው ማለት ነው። አንድ «ቻር» ግን 256 ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ ከመካከላቸው አንዱ ከሌላው ጋር መምታታቱ አይቀርም። የ«ኤፍጌትሲ» መልስ «ኢንት» (ከ«ቻር» የሰፋ የቁጥር ዓይነት) የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ላፕቶፕዎና ወደ ስልክዎ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሲ መደበኛ ደንብ ተራው «ቻር» አሉታዊ ቁጥር ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚለውን ለኮምፓይለሩ ትቶታል፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። በላፕቶፕዎ ላይ «ቻር» ከ-128 እስከ 127 ይይዛል፤ እዚያ ውስጥ 255 የሆነ ባይት ሲገባ -1 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ፋይሉ ያለቀ መስሎት ያቆማል። የስልክዎ አርም ፕሮሰሰር ላይ ግን አንድሮይድ «ቻር»ን ከ0 እስከ 255 አድርጎ ነው የሚወስደው፤ በመሆኑም ትክክለኛው -1 ሲመጣ 255 ሆኖ ይቀመጣል፣ ከ«ኢኦኤፍ» ጋርም ፈጽሞ እኩል አይሆንም። ያ 300 ሜጋባይት ከእውነተኛው ጽሑፍ በስተቀር ሁሉም 255 የሆነ ባይት ነው።

የመጀመሪያው እንግዳ ምልክትም የዚሁ ዘመድ ነው። «ኤፍኢኦኤፍ» እውነት የሚሆነው ፋይሉ ሊያልቅ ሲል አይደለም፤ አልፎ ለማንበብ ተሞክሮ ካልተሳካ በኋላ ነው። ስለዚህ ሉፑ አንድ ዙር ተጨማሪ ይዞራል፣ ያ -1 ለ«ኤፍፑትሲ» ይሰጣል፣ «ኤፍፑትሲ»ም ወደ 255 ለውጦ ይጽፈዋል።

ተለዋዋጩን «ኢንት» ያድርጉት፤ ሉፑም አንብቦ ወዲያው ከ«ኢኦኤፍ» ጋር ያነጻጽር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ባዶ የሆነብዎትን ደብዳቤ በኡቡንቱ ላይ «ኦዲ» በተባለው ትእዛዝ፣ ባይቶቹን በአሥርዮሽ ቁጥር እንዲያሳይ አድርገው ይክፈቱትና የመጀመሪያዎቹን ስምንት ቁጥሮች ይጻፉልን። በትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የማስቀመጫ ሥርዓት) ውስጥ 255 የሚባል ባይት የለም፤ ስለዚህ ያ ፋይል ዩቲኤፍ-8 አይመስለኝም።

ጸሐፊዋ ከአራት ኪሎ

እጅግ አመሰግናለሁ። «ኢንት» ካደረግሁት በኋላ በስልኩም በላፕቶፑም በሥርዓቱ ያቆማል። የደብዳቤው የመጀመሪያ ስምንት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ 255፣ 254፣ 8፣ 18፣ 26፣ 18፣ 24፣ 18። የሌሎቹ ደንበኞች ፋይሎች ግን ብዙዎቹ በ225 ይጀምራሉ።

ሆኖም ዛሬ ጠዋት ሥራ ቦታ፣ ዊንዶውስ ላይ ኮምፓይል አድርጌ ያንኑ ደብዳቤ ባሳልፈው የወጣው ፋይል 4 ባይት ብቻ ነው፤ ስከፍተውም «ለ» የምትል አንዲት ፊደል ብቻ አለችበት። በኡቡንቱ ላይ ያው ኮድ ሙሉውን ደብዳቤ ያለ እንከን ይገለብጠዋል። «ኢንት» ማድረጉ በቂ ከሆነ ይህ ከየት መጣ? ሁለት ነጥቡም እስካሁን አልተተካም።

የጥገና ባለሙያ፣ ፒያሳ

ሰላም ለሁላችሁ። የዊንዶውሱን ጉዳይ እኔ ልመልስ፤ ይህ ነገር ከዓመታት በፊት ብዙ ሌሊት አሳድሮኛል።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹን እናንብባቸው። 255 እና 254 ተከታትለው በፋይል መጀመሪያ ላይ ሲገኙ ፋይሉ ዩቲኤፍ-16 በተባለው ሌላ የማስቀመጫ ሥርዓት መጻፉን፣ የእያንዳንዱ ፊደል ትንሹ ባይት ቀድሞ መጻፉንም ያመለክታሉ። በቀድሞው ኖትፓድ ላይ ሰው «ዩኒኮድ» የሚለውን መርጦ ሲያስቀምጥ የሚወጣው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሁለት ባይት ይይዛል፤ 8 እና 18 «ለ» ናቸው፣ 26 እና 18 «ሚ»፣ 24 እና 18 «መ»። ደብዳቤው «ለሚመ...» ብሎ እንደሚጀምር ልብ ይበሉ።

ፕሮግራሙን ያቆመው ያ 26 ነው። በዊንዶውስ ላይ ፋይልን ተራ በሆነው የጽሑፍ ዘዴ ከከፈቱት፣ የሲ ላይብረሪው 26 የሆነን ባይት ሲያገኝ «የፋይል መጨረሻ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ከ«ኮንትሮል» እና «ዜድ» ቁልፎች ጋር የሚያያዝ፣ ከጥንት የዶስ ዘመን የተወረሰ ልማድ ነው። ስለዚህ በዩቲኤፍ-16 የተጻፈ ማንኛውም የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ ዘዴ ሲነበብ የመጀመሪያዋ «ሚ» ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሁለት የፋይል ምልክት ባይቶችና የ«ለ» ሁለት ባይቶች፣ በድምሩ አራት፤ ያገኙትም ልክ 4 ባይት ነው።

መፍትሔው ፋይሉን ለንባብ ሲከፍቱ ከሚጽፉት «አር» ቀጥሎ «ቢ» የሚለውን ፊደል መጨመር፣ ማለትም በባይናሪ ዘዴ መክፈት ነው። እባክዎን የሚጻፈውንም ፋይል በዚሁ መንገድ፣ ለጽሕፈት መክፈቻ በሆነው «ደብሊው» ላይ «ቢ» ጨምረው ይክፈቱት፤ ብዙ ሰው የሚነበበውን አስተካክሎ የሚጻፈውን ይረሳዋል፣ ያን ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ዊንዶውስ በጽሑፍ ዘዴ ሲጽፍ 10 የሆነን ባይት ሁሉ የመስመር ማብቂያ አድርጎ ስለሚወስደው ከፊቱ 13 ይጨምርበታል። ከመስመር ማብቂያው በተጨማሪ የ«ሊ» እና የ«ጊ» ትንሹ ባይት 10 ነው። ስለዚህ ከአንዲት «ሊ» በኋላ ያለው ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ባይት ይንሸራተታል፤ የአንዱ ፊደል ሁለተኛ ባይት ከቀጣዩ ፊደል አንደኛ ባይት ጋር ይጣመርና ብዙው ፊደል ቻይንኛ የሚመስል ሆኖ ይወጣል። ሌላ «ሊ»፣ «ጊ» ወይም የመስመር መጨረሻ ሲመጣ ሁለተኛ 13 ይጨመራል፣ ጽሑፉም እንደገና ወደ ቦታው ይመለሳል። አንድ ደንበኛ አንዱ መስመር አማርኛ፣ ቀጣዩ መስመር ቻይንኛ የሚመስል ፋይል ይዞልኝ መጥቶ ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገብቶበታል ብሎ ነበር፤ ቫይረስ አልነበረም፣ ያቺ የተረሳች አንዲት «ቢ» ነበረች።

በኡቡንቱ ላይ «ቢ» መኖሯ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ላፕቶፕዎ ላይ ያልታየውም ለዚህ ነው። ግን ሁልጊዜም ይጻፏት።

መምህር ከስድስት ኪሎ

እንደምን ዋላችሁ። የቀረውን፣ የሁለት ነጥቡን ነገር፣ እኔ ልውሰድ፤ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስረዳው ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደንብ) ሲካተት የራሱን ስፍራ አግኝቷል። ለዕለት ጽሑፍ የምንጠቀምባቸው ፊደሎቻችን፣ ቁጥሮቻችንና ሥርዓተ ነጥቦቻችን በሙሉ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ባይትም 225 ነው። ሁለት ነጥብ 225፣ 141፣ 161 ሲሆን፣ አራት ነጥብ 225፣ 141፣ 162 ነው። ልዩነታቸው በመጨረሻው ባይት ላይ ያለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። እርስዎ አንድ ፊደል ብለው የሚያስቡትን «ኤፍጌትሲ» በሦስት ጥሪ ነው የሚያመጣልዎት።

በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ሁለት ነጥብን ሲጽፉ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ሦስቱን ባይቶች አጣብቆ አንድ «ኢንት» ያደርጋቸዋል፤ ያ ቁጥር 14,781,857 ነው። ከ255 የማይበልጥ ባይትን ከ14 ሚሊዮን በላይ ከሆነ ቁጥር ጋር እያነጻጸሩ ነበርና እኩልነት ሊገኝ አይችልም። ኮምፓይለሩ ግን ዝም አላለም፤ በጥቅሱ ውስጥ ከአንድ በላይ ባይት መኖሩን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥዎት አልቀረም። ማስጠንቀቂያ ፕሮግራሙን ስለማያስቆመው ጀማሪ ሁሉ ያልፈዋል፤ እኔ ተማሪዎቼን «ደብሊው ኦል» እና «ደብሊው ኤክስትራ» የተባሉትን ሁለት ምርጫዎች ሳያበሩ ኮምፓይል እንዳያደርጉ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ። «ቻር» እያለ በቀጥታ ከ225 ጋር ቢያነጻጽሩ ኖሮም በላፕቶፕዎ ላይ አይሳካም ነበር፤ ባይቱ እዚያ -31 ሆኖ ስለሚቀመጥ ነው።

አሠራሩን እንዲህ ቢያደርጉት ይሻላል። መጀመሪያ አንድ ባይት ያንብቡ። ከ128 በታች ከሆነ ብቻውን አንድ ፊደል ነው፤ ከ192 እስከ 223 ከሆነ አንድ፣ ከ224 እስከ 239 ከሆነ ሁለት፣ ከ240 እስከ 247 ከሆነ ሦስት ተጨማሪ ባይቶችን ያንብቡና በአንድ ትንሽ አሬይ (ተከታታይ ቁጥሮችን የሚይዝ ተለዋዋጭ) ውስጥ ያከማቹ። እያንዳንዷን ተጨማሪ ባይት ሲያነቡ «ኢኦኤፍ» መሆን አለመሆኗን መፈተሽ አይዘንጉ፤ የተቆረጠ ፋይል በፊደል መካከል ሊያልቅ ይችላል። ፊደሉ ከተሟላ በኋላ ሙሉውን ፊደል ከሙሉ ፊደል ጋር ያነጻጽራሉ።

ቀጥሎ «ሁለት ነጥብ ይዣለሁ» የሚል አንድ ተለዋዋጭ ያኑሩ፤ መነሻው 0 ነው። የመጣው ፊደል ሁለት ነጥብ ሆኖ ቀድሞ የያዙት ከሌለ፣ ምንም ሳይጽፉ ተለዋዋጩን 1 ያድርጉት። ቀድሞ የያዙት ካለ አራት ነጥብ ይጻፉና ወደ 0 ይመልሱት። የመጣው ሌላ ፊደል ከሆነና የያዙት ሁለት ነጥብ ካለ፣ በመጀመሪያ የያዙትን ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ አዲሱን ፊደል ይጽፋሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የያዘውን መጻፍ ረስቶ ነጠላ ሁለት ነጥቦችን ሁሉ ከጽሑፉ ያጠፋል። በቀደመው ሥርዓት በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ የሚያደርጉ አባቶች ጽሑፍ ቢመጣልዎት ቃላቱ በሙሉ ይጣበቃሉ፤ በዘመናዊው ጽሑፍም «ከጠዋቱ 3፡30» የሚለው «ከጠዋቱ 330» ይሆናል። ሉፑ ካበቃ በኋላም የያዙት ካለ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ በሁለት ነጥብ የሚያልቅ ፋይል የመጨረሻ ምልክቱን ያጣል።

ዩቲኤፍ-16 ለሆነው ደብዳቤ ይህ ስልት አይሠራም። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ላይ 255 እና 254 ካገኘ ሥራውን ትቶ ለተጠቃሚው እንዲናገር ያድርጉት፤ ከዚያ በኡቡንቱ ላይ «አይኮንቭ» በሚባለው ትእዛዝ፣ ወይም በኖትፓድ ከፍተው ዩቲኤፍ-8 ብለው እንደገና በማስቀመጥ ሊለውጡት ይችላሉ።

ባይት ቆጣሪ

መምህር ባሉት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የጠፋው የደንበኛ ጽሑፍ አሳስቦኛልና። ፋይልን በ«ደብሊው» መክፈት ገና አንድ ባይት ሳይጻፍ የነበረውን ይዘት ያጠፋዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ጊዜያዊ ስም ይጻፉ፤ ከዚያ መጀመሪያ «ኤፍኤረር» ስህተት አለመኖሩን መናገሩን፣ ቀጥሎም ፋይሉን የሚዘጋው «ኤፍክሎዝ» 0 መመለሱን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ስሙን ይለውጡ። «ኤፍፑትሲ» የተሰጠውን ወዲያው ወደ ዲስክ አያወርደውም፣ መጀመሪያ በማህደረ ትውስታ ያጠራቅመዋል። በእኛ ሰፈር መብራት መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ፣ ሥራው ሳያልቅ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ የሚጎዳው ጊዜያዊው ፋይል ብቻ ይሆናል።

ጸሐፊዋ ከአራት ኪሎ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ እንደገና ከመጀመሪያው ጻፍሁት። መምህር የነገሩኝን ማስጠንቀቂያዎች ሳበራ የነጠላ ጥቅሱ ማስጠንቀቂያ በእርግጥም በአሮጌው ኮዴ ላይ ታየኝ፤ ስንት ጊዜ አልፌው እንደሄድሁ አላውቅም። በመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ልክ መምህር እንደፈሩት አደረግሁ፤ የያዝሁትን ሁለት ነጥብ መልሼ ስላልጻፍሁ፣ በአንድ የስብሰባ ጥሪ ላይ «8፡00 ሰዓት» የሚለው «800 ሰዓት» ሆኖ ወጣ። ለደንበኛው ከመሰጠቱ በፊት አይቼው አስተካከልሁት።

ለማረጋገጫ ያህል ፕሮግራሙ ስንት ጊዜ እንደተካ እንዲቆጥር አደረግሁ። ስድስት ባይት በሦስት ባይት ስለሚተካ፣ በእያንዳንዱ ምትክ ፋይሉ በ3 ባይት ማነስ አለበት ብዬ አሰብሁ። ዛሬ በሥራ ቦታ፣ በዊንዶውስ ላይ፣ ከኖትፓድ ወደ ዩቲኤፍ-8 የተለወጠውን የደንበኛውን ደብዳቤ ከነአባሪዎቹ አሳለፍሁት። ከ48,216 ባይት ወደ 47,604 ባይት ወረደ። ልዩነቱ 612 ነው፤ ቆጣሪው ያሳየኝም 204 ነው።

መምህር ከስድስት ኪሎ

204 ጊዜ 3፣ 612። ትክክል ነው። ያንኑ ፋይል አሁን ለሁለተኛ ጊዜ በፕሮግራሙ ያሳልፉት፤ ቆጣሪው 0፣ መጠኑም 47,604 እንደሆነ ከቀረ ለሌሎቹ ደንበኞችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ።